ለአንድ ሰው የተጻፈ ባዮ

ጋሽ ሜትር ስሙ የወጣላቸው ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ስለማያውቁ ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው። ደንበኛ ገና በሩን ሲያልፍ ትከሻውን በዐይናቸው ለክተው ይጨርሳሉ።

ከልጃቸው ጋር ያጣላቸው ቬሎ ነው። ልታገባ ስትል በእጃቸው ሰፉላትና፣ እግረ መንገዱን ማስታወቂያ ይሆናል ብለው የሱቁ መስኮት ውስጥ ለቆመችው አሻንጉሊት አለበሱት። ሰርጉ ሊደርስ ሲል ልጅቱ «አላገባም» አለች። «እባክህ አባባ፣ ቬሎውን አውርደው» ብላም ለመነች። «ሥራ ሥራ ነው፤ ገበያ ያመጣል» አሏት። ውሸታቸውን ነው፤ እልህ ነበር። አላፊ አግዳሚው «ሙሽሪት የት ሄደች?» እያለ ሲሳለቅ ከረመና፣ አንድ ቀን ሙሽሪት እውነትም ሄደች። ስልኳንም ቀየረች።

የልጃቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ያገኘችው የእህታቸው ልጅ ናት፤ ማርኬቲንግ ተምራ ሥራ የምትፈልግ፣ ትዕግሥት ያልፈጠረባት። ገጹ ዝግ ነው። ለመግባት ጥያቄ መላክ፣ ጥያቄ ለመላክ ደግሞ የራስ ገጽ መክፈት ያስፈልጋል።

«ባዮ ማለት፣ ጋሼ፣ ሰው አይቶት ልቀበል ወይስ ልለፍ ብሎ የሚወስንበት ነው። ማን ነዎት? ምን ይሠራሉ? ለምን ትቀበልዎታለች?»

«ማን እንደሆንኩ ጠፍቷት ነው?»

«አልጠፋትም። ችግሩም እሱ ነው።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጻፊ። የወንድና የሴት ሙሉ ልብስ፣ የደንብ ልብስ፣ በትዕዛዝ እንሰፋለን። ቀጠሮ እናከብራለን...»

«ይሄ እኮ ታፔላ ነው!»

«ዕድሜ ልኬን ያበላኝ ታፔላ ነው።»

«ልጅዎ ሱሪ ልታሰፋ ነው የምትመጣው?»

ታፔላውን ተዉት። ልጃቸው ከተወለደችበት ቀን ጀመሩ፤ ስለ እናቷ፣ ስለ መጀመሪያ ጫማዋ፣ ስለ ሰርጉ፣ ሰው ምን ይለኛል ስላሉት። የእህታቸው ልጅ መጻፏን አቆመች።

«አይበቃም። መቶ ሃምሳ ፊደል ብቻ ነው የሚፈቅደው።»

ይሄ ገባቸው። ጨርቅ ሲያጥር የት እንደሚቆረጥ ያውቃሉ። ሰርጉን ቆረጡት። ጫማውን ቆረጡት። እናትየዋ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ትንሽ ዘገየ፤ እሷንም ቆረጧት። የቀረው ይህ ነው፦ «ልብስ ሰፊ። የአንዲት ልጅ አባት። ጥፋቱ የኔ ነው። በሩ ክፍት ነው።»

«ይሄማ ይሠራል» አለች። ከሷ አፍ ትልቅ ምስጋና ነው። «አሁን ፎቶ። ወደ ብርሃኑ ጠጋ ይበሉ። ሜትሩን እንዳያወርዱ! ፈገግ... ኧረ ጋሼ፣ ጥርስ የሚነቀሉ አስመሰሉት!»

ፎቶውን ተነሱ፤ ጥያቄው ተላከ። ጋሽ ሜትር የሰው ኮት ላይ ቁልፍ ሊተክሉ ተቀምጠው ዐይናቸው ከስልኩ አልነቀል አለ።

«እንቁላል አይደለም እኮ፣ ጋሼ። ቢያቅፉትም አይፈለፈልም።»

ስልኩ ጮኸ። የእህታቸው ልጅ አነበበችና ስልኩን ገልብጣ ያዘችው።

«አንብቢው።»

«"አባባ፣ ባዮህን አነበብኩት። አለቀስኩ። ከዚያ ፎቶህን አየሁት። አሁንም አላወረድከውም?"»

ሁለቱም ፎቶውን አዩ። ከቀኝ ትከሻቸው ጀርባ አሻንጉሊቷ ቬሎዋን ለብሳ እንደ ሚዜ ቆማለች። በየጠዋቱ አቧራዋን ያራግፉላታል፤ ካዩዋት ግን ቆይተዋል። ግድግዳን ማን ያያል? ሲቆርጡ የዋሉት ቃል ብቻ ነበር።

«አወርደዋለሁ በያት! አሁኑኑ፣ እያየችኝ!»

ጻፈች። አልሄድ አለ። እንደገና ሞከረች። የልጅቱ ፎቶ ጠፍቶ በቦታው ግራጫ ክብ ብቻ ቀርቷል።

«ብሎክ አርጋናለች።»

«ምን ማለት ነው?»

የእህታቸው ልጅ ማለሳለስ አትችልበትም። «ከእንግዲህ የሚጽፉትን አታየውም ማለት ነው።»

ጋሽ ሜትር ወደ መስኮቱ ሄደው ቬሎውን ማውለቅ ጀመሩ። መርፌ ቁልፎቹ ዝገው ጨርቁን ነክሰዋል። በፀሐይ በኩል ያለው ትከሻ ቢጫ ሆኗል። የጎኑን ስፌት ገለጥ አድርገው አዩት፤ ከወፈረች ይለቀቃል ብለው አጥፈው የተዉት ትርፍ ጨርቅ እንዳለ ነው፣ ነጭ እንደሆነ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ለራሳቸው።

«ሌላ ፎቶ እናንሳ፤ አሁን እኮ መስኮቱ ባዶ ነው» አለች።

«ለማን?»

 ስልኩ እንደገና ጮኸና ሁለቱም ደነገጡ። መንገዱ ጥግ ላይ ያለው የልብስ ቁልፍ ሻጭ ነበር፣ የገጹ የመጀመሪያ ተከታይ።

«ምን ይላል?» አሉ፣ ቬሎውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ።

«"ጋሽ ሜትር፣ እንኳን ደህና መጡ! ያ ቬሎ ይሸጣል እንዴ?"»