የጠገበ አረም

የባሕር አረም ሲበሰብስ እንዴት እንደሚሸት የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። እኔ ከባሕር ዳር በጆንያ እየሰበሰብኩ፣ እያጠብኩ፣ ጣሪያ ላይ እያደረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሽታው ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ ቤት ሠርቷል።

አጎቴ የበር እጀታና ቧንቧ በኒኬል ይለብጣሉ። የተለበጠው ዕቃ የሚታጠብበት እጣቢ አረንጓዴ ሆኖ ቀጥታ ወደ ቦዩ ይወርድ ነበር። ትምህርት ያቋረጥኩት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው፤ ማንበብ ግን የከለከለኝ የለም። አረሙ መርዛማውን ኒኬል ከውኃው ይዞ እንደሚያስቀር ያነበብኩት እኔ፣ ሦስቱን በርሜል በአረም የሞላሁትም እኔ። አረንጓዴ ሆኖ የገባው ውኃ ጥርት ብሎ ሲወጣ አጎቴ፣ "ፕሮፌሰሯ ዲግሪዋን ከበርሜል ውስጥ አወጣች" አሉ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ኮራሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

አንድ ነገር ግን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። አረሙ መርዙን አያጠፋውም፤ ተሸክሞት ይቀመጣል። ከጠገበ በኋላ ታሽጎ መርዛማ ቆሻሻ ወደሚቀበርበት መሄድ አለበት። አጎቴም ለእሱ እንዳላስብ ነግረውኝ፣ ከሁለት ወር ወዲህ የጠገበውን አረም በጆንያ ራሳቸው እየጫኑ ይወስዱ ነበር።

ትናንት ጠዋት አክስቴ ቤት ሄድኩ። የአጎቴ ታናሽ እህት ናት፤ ዶሮ ታረባለች። ገና ከግቢው በር ያ ሽታ ተቀበለኝ። ዶሮዎቹ ጥቁር፣ ሙልጭልጭ ያለ ክምር ላይ ወጥተው ይጭራሉ። አንዷ አንገቷ ተመልጦ አፏን ከፍታ ታቃስታለች። የአክስቴ የሁለት ዓመት ልጅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ ትገምጣለች፤ አስኳሉ አገጯ ላይ ደርቋል።

እንቁላሉን ነጠቅኳት። ልጅቷ አለቀሰች፤ አክስቴ ደነገጠች። አረሙን ለዶሮ ጥሩ ነው ብሎ ያመጣላት ወንድሟ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ በቅሬታ፣ የምትልክለትን እንቁላል ግን ሁለት ወር ሙሉ እየመለሰባት እንደሆነ ጨመረች፤ ሐኪም ከልክሎኛል ይላል አለች። አጎቴ ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ያዩት ጥርሳቸውን ሲነቀሉ ነው።

ከድስቱ አንድ እንቁላል አንሥቼ ወደ አጎቴ ሥራ ቤት ሄድኩ። አክስቴ ልጇን አዝላ ከኋላዬ ተከተለችኝ። እንቁላሉን ላጥኩና አጎቴ ፊት አስቀመጥኩት።

"ይብሉ።"

"አንቺ ልጅ፣ አረም እኮ ነው፤ የተፈጥሮ ነገር" አሉ።

"እንግዲያው ይብሏ።"

እንቁላሉን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት። ከዚያ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት፤ ደግመውም ጠረጉት። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ያንን ጣት አየች።

የልጅቷን አገጭ በምራቋ አርሳ አጸዳች፤ ፊቷን አዙራ ወደ ሆስፒታል መንገድ ጀመረች። ደረስኩባት።

"ሐኪሙ ምን በላች ቢለኝ ምን ልበል?"

"ኒኬል በዪ። ከየት ቢልሽ፣ ከወንድሜ በዪ።"