ከግራ የሚመጣው

…ሰላም ይበለው አይበለው፣ ይለዋል እንጂ፣ ሰርጉ ላይ ሚዜው የነበረ ሰው ነው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጀርባው ሲጮህለት የኖረ፣ ዛሬ ደግሞ የሌላ ክለብ ማሊያ ለብሶ መውጫው ኮሪደር ላይ ከጎኑ ተሰልፏል፣ ቀጭኑ ነው የሚሉት፣ ማሊያው እንደሆነ አሁንም መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው። እሱን ደግሞ ጉጉቱ ይሉታል፣ አንገቱን ወደ ግራ ሙሉ በሙሉ ያዞራል፣ እንደ ሰው በዓይን ጥግ ማየት ከተወ ዓመት አልፎታል። አንተ ሽማግሌ፣ ገና አለህ እንዴ፣ አንተን ሳልቀብር የት ሄጄ፣ እጅ ለእጅ ይመታሉ፣ ዳኛው ኳሷን በብብቱ ይዞ ሰዓቱን ያያል። ቀጭኑ ጠጋ ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይንህን ታየህ? ጉጉቱ ካልሲውን ይስባል። ታየሁ። ምን አሉህ? ከሊጉ በኋላ ይደርሳል አሉኝ።

ውሸት ነው። ሐኪሟ ያለችው ሌላ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ጠባብ ክፍል፣ አገጩ ብረት ላይ፣ መብራቱ እስከ አንጎሉ እየገባ፣ ከዓይንህ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ጠርዙ ላይ ተላጧል፣ ጭንቅላትህን ተመትተህ ታውቃለህ? ኧረ ዶክተር፣ ያልተመታሁበት ቀን የቱ ነው፣ እሷ አልሳቀችም፣ በቀዶ ጥገና ይያዛል፣ ግን ዛሬ ነገ አይባልም፣ ሌላ ምት ካረፈበት ዓይንህን እንዳለ ታጣዋለህ። ዘጠኝ ጨዋታ ነው የቀረን አላት። እሷም ቀና ብላ አየችው፣ እንዲህ ያለ መልስ ሰምታ እንደማታውቅ። ዘጠኙ አሁን ስድስት ሆኗል፣ ሠላሳ አምስት ሊሞላው ነው፣ ዓይኑ ተሰፍቶ እስኪድን ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላውን አማካይ ማን ይጠብቃል፣ ማንም፣ ስለዚህ ስድስቱ ስድስት ብቻ አይደሉም፣ የቀረው በሙሉ ነው።

ክለቡ በየዓመቱ ያስመረምራል፣ የፊደል ሰሌዳ፣ አንድ ዓይንህን ሸፍን፣ አንብብ፣ እስከ መጨረሻዋ መስመር ያነበንበዋል። ሰሌዳው ፊት ለፊት ነው የተሰቀለው፣ ስለ ጎን አይጠይቅም። የጠፋው ጎኑ ነው፣ ጥቁር እንኳ አይደለም፣ ምንም ነው፣ ሰው ከማጅራቱ ኋላ ያለውን እንደማያየው ያለ ምንም። ቤት ውስጥ ሚስቱ፣ አንተ፣ ብርጭቆው ላይ ነው ጠረጴዛው ላይ ነው የምትቀዳው? ሐሳብ ይዞኝ ነው። የበሩ መቃንስ፣ እሱም ሐሳብ ነው፣ ግራ ትከሻህ እኮ በልዟል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ታውቃለች፣ ከአፉ እስኪወጣ ነው የምትጠብቀው።

ፊሽካ።

ኳስ እግር ላይ ከደረሰች በኋላ ማየት ማርፈድ ነው፣ የሚታየው ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያው አሰልጣኙ፣ ቦርጫሙ፣ ከጀርባው ቆሞ ጣት ያነሳ ነበር፣ ኳሷ ሳትደርስህ፣ ስንት ነው? ሦስት። አሁንስ? አንድ። አሁን? ዝም ካለ አለቀለት፣ ካላየህ ሩጥ ነበር ሕጉ፣ ሜዳውን አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ በስተመጨረሻ አንገቱ ራሱ መዞር ለመደ፣ ስሙም ከዚያ ወጣለት፣ ጉጉቱ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ያኖረው እግሩ አይደለም፣ አንገቱ ነው። ግራው መደብዘዝ ሲጀምር አውቶቡስ ውስጥ ለቀጭኑ ብቻ ነገረው፣ ያኔ ቀጭኑ የግራ ተከላካያቸው ነው፣ ከሆዴ አይወጣም አለው፣ ከሆዱም አልወጣም፣ ከዚያ ወዲያ ዓይን ሆነው። ሰው! ካለ አንዴ ነክቶ መልቀቅ ነው፣ ዙር! ካለ መዞር፣ ብቻህን! ካለ ሻይ አዝዞ መጠጣትም ይቻላል። ዓመት ሙሉ ማንም አልነቃም፣ እንዲያውም አንዱ ጋዜጣ ልምዱ እያደር ጨምሯል ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ቀጭኑ ክለብ ቀየረ። በቦታው የመጣው ዝምተኛው ነው፣ ጎበዝ ተከላካይ፣ ጠንካራ፣ ግን አፉ የተሰፋ። ጩህ እንጂ ወንድሜ። እሺ። እሺ አትበል፣ ጩህ። እሺ።

የመጀመሪያውን አጋማሽ ግራው መስመር ላይ ተለጥፎ ጨረሰው፣ ዘዴ ነው፣ መስመሩን በግራው ካደረገ በዚያ በኩል የሚመጣበት የለም፣ ኖራ አይጋጭም። አሰልጣኙ ደግሞ ሞኝ አይደለም። መልበሻ ክፍል፣ የላብና የቅባት ሽታ፣ የታኬታ ኳኳታ፣ አንተ፣ መስመር ጠባቂ አድርጌ ነው እንዴ ያስገባሁህ? መሃል! አማካይ መሃል ካልቆመ ምን ይሠራልኛል? እሺ ጋሼ። ዝምተኛው ሸሚዝ እንደሚያጥፍ ሰው ፎጣውን ያጥፋል። ቢነግረውስ፣ ለአንድ ለእሱ ብቻ፣ ግን እሺ ይለዋል፣ ከዚያ ዝም ይላል።

መሃል። መሃል ላይ ግራ ሰፊ ነው።

ዜሮ ለዜሮ፣ ሰባ አንደኛው ደቂቃ፣ በረኛው ለመሃል ተከላካዩ፣ እሱ ደግሞ ከፍ አድርጎ ለጉጉቱ፣ ኳሷ በአየር ላይ ናት፣ ቀኙን አየ፣ ንጹሕ፣ ግራውን ለማየት አንገቱ ሩቅ መንገድ አለው፣ ጊዜ የለም፣ ዝምተኛው ምንም አላለም፣ ምንም ካላለ ማንም የለም ማለት ይሆን፣ ወይስ ዝምተኛ ስለሆነ፣ በግንባሩ ሊያወርዳት ይነሳል፣

ሰው! ግራህን!

ሳያስበው ጎንበስ ብሏል፣ ኳሷ በላዩ ታልፋለች፣ ከኋላዋ ግንዱ የሚሉት የእነ ቀጭኑ አማካይ ክርኑን እንደ በር ከፍቶ ይበራል፣ ነፋሱ ቅንድቡን ይነካዋል። ነፋሱ ብቻ። ግንዱ በሆዱ ይወድቃል፣ ኳሷ ውጪ ትወጣለች።

ድምፁ ግን። ከለመደው ከግራ ኋላ አልመጣም፣ ከፊት ከቀኝ ነው። ጉጉቱ ቀና ሲል ቀጭኑ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆሟል፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ የእነሱ አሰልጣኝ የውሃ ኮዳውን መሬት ላይ ይፈጠፍጣል፣ አንተ! ለማን ነው የምትጫወተው? ግንዱ ከአፉ ሣር እየተፋ፣ ወንድም፣ ለእነሱ ነው እንዴ የፈረምከው?

ምን ሆነህ ነው፣ ይለዋል ጉጉቱ፣ ኳሷ እስክትወረወር።

እኔ ምን አውቄ፣ አፌ ነው፣ ኳስ ወዳንተ ሲመጣ ራሱ ይከፈታል።

አመሰግናለሁ።

አታመስግነኝ፣ ዋሽተኸኛል፣ ዓይኑ እስከ ሊጉ መጨረሻ የሚቆይለት ሰው ያን ትልቅ ሰውዬ ያየዋል። ስማ፣ ከዚህ በኋላ አልጮህልህም፣ ልጆቼ የሚያድሩት በዚህ ማሊያ ነው።

ደግ።

አልጮህም አልኩህ!

ሰማሁ እኮ።

ሰባ አራት። እንደገና ኳስ ወደ እሱ፣ አሁን በምድር፣ ቀላል፣ ሺህ ጊዜ የተቀበላት ዓይነት፣ እሱ ግን አያይም፣ ቀኙንም አላየም፣ እየሰማ ነው፣ ጆሮውን ወደ ቀጭኑ ጥሎ፣ ይጮህ ይሆን፣ አይጮህም፣ ከንፈሩን በጥርሱ ይዟል፣ ከሃያ ሜትር ይታያል፣ ሊጮህ ነው፣ እየታገለ ነው፣ ምስኪን፣ እዚያ ቆሞ ራሱን በራሱ አፍኖ ይዟል። ኳሷ እግሩ ላይ ደረሰች። ወደ ውጪ ይመታታል፣ ለማንም፣ ከተመልካቹ ፉጨት ይነሳል።

የተጋጣሚውን አፍ የሚጠብቅ አማካይ። ይሄ ሥራ ስም የለውም። ቀጭኑን ዛሬ አሰልጣኙ ይሰድበዋል፣ ቀጣዩ ሳምንት ላይ ቀጭኑ የለም፣ ክርኑ ግን አለ፣ ግንድ የሌለው ክለብ የለም፣ አምስቱ ጨዋታዎች አምስት ክርን ናቸው፣ ሲቆጥራቸው እንዲህ ሆነው ያውቃሉ? አያውቁም።

ቀኝ እጁን ያነሳል፣ ጣቱን በአየር ላይ ያዞራል። ቅያሪ።

ምንህን ነው? ታፋህን? አሰልጣኙ ከመስመሩ። ወጌሻው ቦርሳውን እያንኳኳ ይሮጣል፣ ደርሶ ይንበረከካል፣ የጉጉቱን ጉልበት ይይዛል፣ እዚህ ጋ ነው? እግሬ አይደለም፣ ተነሥ፣ በግራዬ በኩል ቁም። ቆሜ ምን ልሁን? ቁም አልኩህ፣ ጣት አንሳ። ጣት? የፈለግከውን ያህል።

ማንሣቱን ከእጅጌው ኮሽታ ያውቃል። ስንት ነው? ይላል ወጌሻው፣ እየሳቀ፣ ቀልድ መስሎት።

ጉጉቱ አንገቱን አያዞርም። ይከብዳል፣ አንገቱ ሊሄድ ይፈልጋል፣ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ፊት ለፊት ዝምተኛው እያየው ነው፣ ከእሱ ማዶ ቀጭኑ ጀርባውን ሰጥቶ ጫማውን ይፈታል፣ ያስራል፣ ይፈታል።

አላየሁትም።

ሳቁ ይቆማል። እስኪ እንደገና፣ አሁንስ?

አሁንም አላየሁትም።

ካላየህ ሩጥ ነበር ሕጉ። በሜዳው መሃል፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ መስመሩ ይራመዳል።