የሴቬሮ የወረቀት ትከሻ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ደረጃውን ዝናብ አርሶታል፤ እዚያ አትቀመጡ፣ ይቺን የበግ ቆዳ አንጥፉበት። ጉሙ ከሸለቆው እየወጣ ነው። ትንሽ ቆይቶ ላፓስ ከተማ በሙሉ ከእግራችን ሥር ይጠፋና እኛ ብቻ ሰማይ ላይ እንቀራለን። የምነግራችሁም ነገር እንዲህ ባለ ጉም ውስጥ የሆነ ነው፤ አያስቸኩለንም።

ከእኔ ቤት ከፍ ብሎ ያለውን ሰማያዊ በር አያችሁት? የሳቱርኒና ቤት ነበር። ሳቱርኒና አበልጄ ናት፤ የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። በዚህ ዳገት ላይ ኮት ለብሶ የተዳረ፣ ኮት ለብሶ የተቀበረ፣ በእጇ ያላለፈ የለም። የሰዉን ልክ የምትቆርጠው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ነው። ጀርባህን፣ ደረትህን፣ እጅጌህን በወረቀት ታወጣና ጫፉን በስታ ግድግዳው ላይ በምስማር ትሰቅልሃለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ተደራርቦ ይኖር ነበር። በሩ ሲከፈት ነፋስ ይገባና ሁላችንም አንድ ላይ እንተነፍሳለን።

ኋላ ዓይኗ ደከመ። መጀመሪያ መርፌውን በዳበሳ ይዛ ትሰፋ ነበር፤ ከዚያ እሱንም ተወችው። ልጇ ኖርካ የምትኖረው ታች ቆላው አገር፣ ኮቻባምባ ነው። ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ ብላ ልትወስዳት መጣች። ያላት ግን አንዲት ክፍል ናት። ስፌት መኪናዋን ለማስገባት እንኳ አልጋ ማስጠጋት ይፈልጋል፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ የት ይገባል?

ኖርካ ወረቀቱን ለገበያ ሴቶች እንስጠው፣ መጠቅለያ ይሆናቸዋል አለች። ሳቱርኒና አሻፈረኝ አለች። የሰው ልክ የሰው ገላ ነው፤ እንደ ጥፍርና እንደ ጸጉር ነው፤ የትም አይጣልም፣ ክፉ እጅ ላይ ይወድቃል።

«የፓንፊሎን ሆድ ጉበት ሊጠቀልሉበት ነው?» አለች።

ፓንፊሎ ሥጋ ሻጩ ጎረቤታችን ነው፤ ሆዱ ብቻውን አንድ ሙሉ ከረጢት ፈጅቷል።

«ጠቅላዩም ራሱ ፓንፊሎ ነው፤ ምን ቸገረሽ» አልኳት።

ከሳቅን በኋላ ያሰበችውን ነገረችን። ከጾም በፊት የሚውለው የካርኒቫል በዓል ማክሰኞ እየደረሰ ነበር። በዚያ ቀን ቤታችንን፣ መኪናችንን፣ ያገለገለንን ዕቃ ሁሉ በወረቀት ጥብጣብ እናስጌጣለን፤ ለእናት ምድር በየማዕዘኑ ቢራ እናፈሳለን፤ የተቆራረጠ ወረቀት አንዳችን ባንዳችን ራስ ላይ እንበትናለን። ያ ወረቀት ምርቃት ነው። ሳቱርኒና የሰዉን ልክ ሁሉ ቆራርጣ በየባለቤቱ ራስ ላይ ልትበትን ፈለገች። የወሰድኩትን መልሼ እሄዳለሁ አለች። እጇ ግን መቀስ አይችልም። ስለዚህ ኖርካ ገበያ ወርዳ ርካሽ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የወረቀት መቁረጫ ይዛ መጣች።

ትንሽ ነገር ናት። ባልዲ ላይ ክዳን ደፍታችሁ፣ ክዳኑ ላይ ቀጭን አፍ ብታወጡለት፣ እሷ ናት። በዚያ አፍ ወረቀት ስትሰጧት እያጉረመረመች ትውጥና ከሥር ረዣዥም ቀጫጭን ቁራጭ ሆኖ ይወርዳል። የሲሚንቶ ወረቀት ወፍራም ነው፤ አንድ አንድ እያልን ነው የምናጎርሳት። ጥቂት እንደበላች ትግላለች፣ የሞቀ አቧራ ትሸታለች፣ ዝም ትላለች። ኖርካ፣ መቁረጫዋ ርካሽ ስለሆነች ነው፣ ትንሽ ትረፍ አለች። ሳቱርኒና አልተቀበለቻትም። ወደዚህ ከፍታ አዲስ የመጣ ሁሉ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ የኮካ ቅጠል ሻይ ስጧት ብላ አሳቀችን።

መቁረጫዋ ስታርፍ እኛም እናርፋለን። ትኩስ የሐምራዊ በቆሎ አጥሚታችንን ይዘን እንቀመጣለን። ሳቱርኒና ቀጣዩን ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ ትሄድበታለች። ይቺ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናት፣ ሳታረግዝ በፊት። ይሄ ያ ትሮምፔት የሚነፋው ነው፣ ደረቱን ነፍቶ ያስለካኝ። ጉሙ በመስኮት ገብቶ እግራችን ሥር ይተኛል። በሽቦ ላይ የሚሄዱት የሰው ማመላለሻ ሳጥኖች ሽቦው ሳይታይ፣ ድምፅ ሳይኖራቸው ከነጩ ውስጥ ብቅ ይሉና ተመልሰው ይጠፋሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሳቱርኒና ሕልሟን ነገረችኝ። የወረቀት ሰዎች ከግድግዳው ወርደው፣ ቀጫጭን ስለሆኑ በጎን በጎናቸው ደረጃውን ይወርዳሉ፤ ነፋስ እንዳይወስዳቸው አንዱ የሌላውን እጅጌ ይዞ። ወዴት እንደሚሄዱ ብትጠይቃቸው፣ ልንለካ ነው አሏት።

ግድግዳው እየተራቆተ መጣ። ከሁሉም ሥር፣ ከበሩ ጀርባ፣ የሴቬሮ ልክ ነበር።

ሴቬሮ ባሏ ነው። የሚኒባስ ሾፌር ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ይል ነበር፤ ኮቱን እንዳያጋድል አድርጋ የምትሰፋለት እሷ ብቻ ናት። አሁን ፎቶውን ዓይኗ አያየውም፤ ፊቱም ከሐሳቧ እየጠፋ እንደሆነ ነግራኛለች። ትከሻውን ግን እጇ ያውቀዋል። ማታ ማታ በሩ ጋ ቆማ ወረቀቱን ስትዳብስ አይቻለሁ።

እሱን እንኳ አስቀሪው ብዬ ለመንኳት። ቢታጠፍ መሐረብ አያህልም።

«የሰውን ሁሉ ቆርጬ የራሴን ብደብቅ ምን ትዪኛለሽ፣ አበልጄ?» አለችኝ። «ደግሞ ሁሉም ወጥቶ ሲሄድ እሱ ብቻውን ሣጥን ውስጥ ይቅር?»

ከዚያ በኋላ ወረቀት ባጎረስኩ ቁጥር ወደ በሩ ጀርባ እመለከት ነበር።

ማክሰኞ ደረሰ። ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ አስጌጥነው። ስፌት መኪናዋ አንገት ላይ ጥብጣብ አሰርን። ሳቱርኒና፣ የስፌት መኪናዋ ታናሽም ደክማለች፣ አትከፋ ብላ ሮዝና ቢጫ ጥብጣብ መቁረጫዋ ዙሪያ ጠመጠመች። ቢራውን በአራቱም ማዕዘን ለምድር አፈሰሰች፤ ለመቁረጫዋም በራሷ ላይ ጠብ አደረገችላት። ኖርካ ግቢ ውስጥ ሻንጣ ታስር ነበር። እኔም ሳቱርኒናን አላስቆምኳት፤ እንዲህ ነው የምናደርገው። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ሴቬሮን ከምስማሩ አውርጄ ሰጠኋት።

ትከሻውን ዳበሰች። አጎንብሳ አሸተተችው። ከዚያ ከወገቡ በኩል አድርጋ አጎረሰቻት።

መቁረጫዋ መብላት ጀመረች። ወረቀቱ ቀስ እያለ ሲገባ፣ ከወገቡ እስከ ጀርባው መሐል ሲደርስ፣ የጥብጣቡ ጫፍ ተከትሎት ገባ። ሮዙ ገባ፣ ቢጫው ገባ፣ በቢራ የራሰው ሁሉ እየተጠመጠመ ገባ። ሳል የመሰለ ድምፅ አወጣችና ቀጥ አለች። ይሄኛው የዕረፍት ዝምታ አልነበረም።

ኖርካ ሮጣ ገብታ ሶኬቱን ነቀለች።

«እማዬ፣ ኤሌክትሪክ ላይ ቢራ ይፈሳል እንዴ?»

«ለአባትሽ ሞተር ስናፈስ ኖረናል፤ አንድም ቀን ተቆጥቶን አያውቅም» አለች ሳቱርኒና።

ኖርካ ቢራውን ጠርጋ፣ እስኪደርቅ ቆይታ፣ ሶኬቱን መልሳ ሰክታ፣ ወደኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ተጫነች። መቁረጫዋ እያቃሰተች ሴቬሮን መለሰችው። ከጀርባው መሐል በታች ቀጫጭን ቁራጭ ሆኗል፤ ሮዝና ቢጫው በመሐል በመሐሉ ተሰክቷል። ትከሻው ግን እንዳለ ነው። ሲንጠለጠል እኛ ሴቶች የምንደርበውን የትከሻ ልብስ መሰለ፤ ቁራጮቹ ልክ እንደ ዘርፉ ይወዛወዛሉ።

ሳቱርኒና እጇን ሰደደች። ዝቅ ያለውን ግራ ትከሻ አገኘችው። ከዚያ ወረቀቱን አንስታ በገዛ ትከሻዋ ላይ ደረበችው።

«ለሰዉ ድርሻውን ሰጠ» አለች። «የቀረውን እሱ ራሱ ነው ያስቀረው፤ እኔ አይደለሁም።»

ኖርካ እናቷን ስታያት ቁጣዋ ጠፋ። በመቁረጫዋ ጥርስ ውስጥ የተቀረቀሩትን የሴቬሮን ቁራጮች በመርፌ ለቅማ አወጣችና ከሌላው ሰው ጋር ባልዲው ውስጥ ቀላቀለቻቸው። ከዚያ ባልዲውን ይዘን ደረጃ ለደረጃ ወረድን። ሳቱርኒና በየበሩ ቆማ እየዘገነች በተነች። ፓንፊሎ ከራሱ ላይ አንዱን ረጅም ቁራጭ ስቦ አየውና ይሄ የካርኒቫል ወረቀት ነው ወይስ ፓስታ አላት።

«ሆድህ ነው፤ ዝም ብለህ ተቀበል» አለችው።

በማግስቱ ሳቱርኒና አውቶቡስ ልትሳፈር ደረጃውን ወረደች። ከትከሻ ልብሷ ሥር ሌላ ዘርፍ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር፤ ስትራመድ እንደ ደረቅ ቅጠል ኮሽ ይላል። ጉሙ መጀመሪያ እግሯን፣ ኋላ ወገቧን ወሰደው። ትከሻዋ፣ ግራው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መጨረሻ ላይ ጠፋ።

መቁረጫዋ ከእኔ ዘንድ ናት። ከዚያ ወዲህ አትሠራም፤ ግን በየካርኒቫሉ ጥብጣብ አስርላታለሁ፣ ሶኬቷን ሳልሰካ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገ በዚህ ደረጃ ስትወርዱ አንድ ወረቀት ከጣሪያ ነፍሶ ራሳችሁ ላይ ቢያርፍ፣ ቶሎ አታራግፉት። የማን ትከሻ እንደሆነ አታውቁም። ትንሽ ተሸከሙትና ሳቱርኒናን አስቧት።