አባይነሽን አትቆልፍ

ርብቃ ከዳምቦያ መጥታ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ከሆነች ገና አራት ወሯ ነው። የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተር አይታ ግን ዝም ብላ ማለፍ አልሆነላትም። ጡረታ የወጡት መምህር ጴጥሮስ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጭነውበት፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አላደሰውም። ሐሙስ ጠዋት አዲሱን ቨርዥን ጫነችበት። ጭነቱ በሰላም አለቀ፤ ኮምፒውተሩም ተነሥቶ የይለፍ ቃል ጠየቀ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ አባይነሽ መነጽራቸውን አስተካክለው በአንድ ጣታቸው ጻፉ። አላስገባቸውም።

“ይቅርታ የኔ ልጅ፣ እጄ ነው” ብለው ደገሙት። እንቢ አለ።

ርብቃ በራሷ ስም ሞከረች። እሷንም አላስገባትም። ክው አለች፤ መጽሐፍ የሚወጣው በዚሁ ኮምፒውተር ተመዝግቦ ነው፣ ተማሪዎቹም ሊዋሱ በሩ ላይ ተሰልፈዋል።

“የእርስዎ እጅ አይደለም እትዬ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ” አለችና ጊምቢቹ ከተማ ወደሚኖሩት መምህር ጴጥሮስ ደወለች።

ሰውየው አልተቆጡም፤ ሳቁ። “የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ የተሳሳተን የሚቆልፍ ትንሽ ፕሮግራም፣ ሞጁል የሚሉትን፣ አስገብቼበት ነበር። አዲሱ ሊኑክስ ትቶት ይሆናል፤ ስሙ ግን መግቢያውን በሚያዘው ፋይል ውስጥ ቀርቷል። የሌለ ዘበኛ እየተጣራ በሩን ለማን ይክፈት?”

ርብቃ ኮምፒውተሩን አጥፍታ የይለፍ ቃል በማይጠይቀው የጥገና መግቢያ አስነሣችው። ፋይሉን ስትከፍት እውነትም የሞጁሉ ስም እዚያው ነበር። ከበላዩ ግን አንድን ሰው ከመቆለፍ ነፃ የሚያደርግ ሌላ መስመር አለ፤ አጠገቡም በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ማስታወሻ፦ “አባይነሽን አትቆልፍ። እጇ ቢሳሳት ልቧ አይሳሳትም።”

እትዬ አባይነሽ ከርብቃ ትከሻ በላይ ጎንበስ ብለው አነበቡት።

“ሌላው ሁሉ ሲቆለፍ እኔ አንድ ቀን ተቆልፌ አላውቅም” አሉ። “ጎበዝ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር እኮ!”

ስልኩን ከርብቃ እጅ ወስደው በሀዲይሳ ቋንቋ ቁጣቸውን በመምህር ጴጥሮስ ላይ ያወርዱባቸው ጀመር። ርብቃ አፏን የፈታችው በከምባትኛ ነው፤ ቁጣውን በከፊል፣ ከቁጣው በኋላ የመጣውን ሳቅ ግን በሙሉ ሰማችው።

እነሱ ሲያወሩ የተተወውን ሞጁል ስም ሰርዛ በእሱ ቦታ የመጣውን አዲሱን ጻፈች። ማስታወሻው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። “እትዬ፣ ይሄስ?”

“ማስታወሻውን እንዳትነኪብኝ” አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። “ቁልፉ ግን እንደ ማንም ሰው ይቁጠረኝ።”

ርብቃ ማስታወሻውን ትታ ከጎኑ ያለውን መስመር ብቻ ሰረዘች። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሁለቱንም አስገባ፤ ልጆቹም መጽሐፋቸውን ይዘው ሄዱ።

ሰኞ ዕለት እትዬ አባይነሽ ሦስት ጊዜ ተሳሳቱና ለአሥር ደቂቃ ተቆለፉ። ርብቃ ልክፈትልዎ ብትላቸው አሻፈረኝ አሉ። ወንበራቸውን ፀሐይ ላይ አውጥተው ጊምቢቹ ደወሉ።

“ጴጥሮስ፣ ተቆለፍኩልህ!” አሉ፣ እንደተሾመ ሰው እየተፍለቀለቁ።