የአርማንድ ጭነት

በእኛ አገር፣ በሜይን ግዛት ሰሜን ጫፍ፣ በገዛ መኪናው የሚሠራ ሾፌር ሌላውን ሾፌር ከየት እንደሚጭንና በስንት እንደሚጭን አይጠይቀውም። ሚስቱ ለምን ጥላው እንደሄደች መጠየቅ ይቻላል። ይመልሳልም። የጭነቱን ዋጋ ግን አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም ሰምቶ እንዳልሰማ ቡናውን ይጠጣል።

ምክንያት አለው። ጥሩ ጭነት ጥቂት ነው። ሆልተን ከተማ መውጫ ላይ ባለው ማደያ ውስጥ፣ ከምግብ መደርደሪያው በላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ደላሎች ያላቸውን ጭነት እዚያ ላይ ያወጣሉ። ድንች ወደ ቦስተን፣ ወረቀት ወደ ኦሃዮ፣ ሳንቃ ወደ ኒው ዮርክ። አንተ የምታየውን ሌላ ሠላሳ ሰው ያያል። ሠላሳ ሰው ያየው ጭነት ደግሞ ስልክ አንሥተህ እስክትደውል ረክሷል። ጥሩ ጭነት ከዚያ ላይ አይገኝም። የሚገኘው ከሰው ነው፣ ያውም በብዙ ዓመት።

አርማንድ ሲር እንዲህ ያለ ጭነት ነበረው። ከኅዳር እስከ የካቲት የድንች ገበሬውን የታርቦክስን የዘር ድንች ወደ ፍሎሪዳ ይወስዳል። የዘር ድንች እንደሚበላው ድንች አይደለም። ከእኛ አገር ሲወጣ ብርድ ከነካው ይሞታል፣ ደቡብ ሲደርስ ከሞቀው ይበቅላል። ሾፌሩ በየሁለት ሰዓቱ ቆሞ የተሳቢውን በር ከፍቶ እጁን በጆንያዎቹ መሐል መክተት አለበት። አርማንድ ጭነቱን ያገኘው በአንድ የበረዶ ማዕበል ነው። ታርቦክስ የተከራየው መኪና ሳይመጣ ቀረበት፤ አርማንድ ባዶውን ሲያልፍ አስቆመው። ፔንሲልቬንያ ላይ የተሳቢው ማሞቂያ ጠፋ። አርማንድ የገዛ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን በበሩ በኩል ወትፎ፣ እሱ ጋቢና ውስጥ ካፖርቱን ለብሶ ተቀምጦ አደረ። አንድም ጆንያ አልተበላሸም። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ታርቦክስ ሌላ ሰው አልጠራም።

ዋጋውን ማንም አያውቅም። ጥሩ እንደሆነ ግን ይታይ ነበር። አርማንድ በባንክ ብድር ሰማያዊ አዲስ መኪና ገዛ። ሚስቱ ሎሬት ከድንች መጥበሻ ፋብሪካው ሥራዋን ለቀቀች።

አንድ ጥር ላይ ልቡ ታመመ። ደረቱን ከፍተው ሰፉት። ሎሬት ደውላ «ሊላንድ፣ ይፈልግሃል» አለችኝ። ሆስፒታል ሄድኩ። እሱም እኔም ከሃምሳ አምስት አልፈናል፤ በመኪና ሥራ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ነበርን።

«መልክህ ከሬሳ ትንሽ ይሻላል» አልኩት።

«ያንተ መልክ ሳትታመም ነው እንዲህ የሆነው» አለ። ቀጥሎ ጣሪያውን እያየ «ታርቦክስ አራት ጭነት ቀርቶታል። ትይዝልኛለህ?» አለኝ።

መያዝ የእኛ ልማድ ነው። የታመመን ሰው ጭነት ወዳጁ ይወስድለታል፤ ሲድን ይመልስለታል። ቃል ብቻ ነው፤ ወረቀት የለውም።

«እይዝልሃለሁ።»

«ማሞቂያህ ይሠራል?»

«ካንተ ልብ ይሻላል።»

ሳቀና ደረቱን ያዘ። «አንተ ሰውዬ አታስቀው፤ ስፌቱ ይፈታል» አለች ሎሬት።

ከዚያ ሁሉን ነገረኝ። የትኛው ጎተራ እንደሆነ፣ ውሻው እንደሚጮህ እንጂ እንደማይነክስ፣ ታርቦክስ ቤቱ አጠገብ ሞተር ሳያጠፋ የሚቆም ሰው እንደሚጠላ። ፍሎሪዳ ውስጥ በየትኛው በር እንደሚራገፍ። «ስትመለስ ታርቦክስ ይከፍልሃል» አለ። ስንት እንደሚከፍል አልነገረኝም። ትንሽ ጠበቅሁ። እሱ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ኮፍያዬን አድርጌ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ጭነት በደኅና አደረስኩ። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ማይል ነው። እጄን በጆንያ መሐል ስከት ስከት ቆዳው ተላጠ። ስመለስ ደረሰኙን ይዤ ታርቦክስ ቤት ሄድኩ። ማድ ቤት ጠረጴዛው ላይ የቼክ ደብተሩን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ሚስቱ ባቄላ ከአሳማ ሥጋ ጋር ጋግራ አንድ ሳህን አቀረበችልኝ።

«ስንት ልጻፍልህ?» አለኝ ታርቦክስ።

ይህን አልጠበቅሁም። ያውቀዋል ብዬ ነበር። «ለአርማንድ የሚሰጡትን» ማለት ነበረብኝ። ይህች ብቻ ትበቃ ነበር። ነገር ግን እንዲያ ካልኩ ቼኩ ላይ የአርማንድን ዋጋ ላየው ነው። ሰውየው ልቡ ተቀዶ ተኝቶ እንኳ ያልነገረኝን ዋጋ፣ በጓሮ በር ገብቼ ማየት መሰለኝ። ነውር መሰለኝ።

ያን ጊዜ እኔ ከማደያው ቴሌቪዥን ላይ ወደ ፍሎሪዳ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዶላር ነበር የምጭነው። ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጭነት ስለሆነ አራት መቶ ጨመርኩበት። ስጨምርም አፈርኩ።

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ» አልኩ።

ታርቦክስ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ። «ሁለት ሺህ ሦስት መቶ?»

«ከበዛ…»

«አይ። አልበዛም።» ጻፈው። ከዚያ ሚስቱን «ባቄላ ጨምሪለት» አላት።

ጨመረችልኝ። በላሁ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ጥሩ ጭነት አገኘሁ፣ ወዳጄንም ረዳሁ ብዬ ነበር። የቀሩትን ሦስቱንም በዚያው ዋጋ ወሰድኩ። በየካቲት መጨረሻ የዘር ድንቹ አለቀ። ለአርማንድ «ድንችህ በሙሉ በሕይወት ደርሷል» አልኩት። «ካንተ በፊት ይሞታል ብዬ አላሰብኩም» አለኝ። ያን በጋ እሱ ቀስ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ኅዳር ሲገባ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ግቢዬ መጣ። እኔ ከመኪናዬ ሥር ተኝቼ ግራሶ እሰጣለሁ። ጫማውን አየሁ።

«ውጣ» አለኝ።

ወጣሁ። ፊቱ እንደ ጥሩ ቀን አልነበረም።

«ታርቦክስ ዘንድሮ ዋጋዬን ቆረጠው። ስንት አልከው?»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዋጋ ሲጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገርኩት። እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ነበር፤ መጥረጌን ተውኩ። አርማንድ የመኪናዬ መከላከያ ላይ ተቀመጠ።

«የአርማንድን ስጠኝ አትለውም ነበር?»

«ቼኩ ላይ ቁጥርህን ላየው ነው።»

«አዎ» አለ። «ታየው ነበር።» ተነሣ፤ ሱሪውን አራገፈ። «እኔም ባንተ ቦታ ብሆን አልጠይቅም ነበር።»

ይህን ብሎ ሄደ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ታርቦክስ ዘንድ ሄድኩ። ጎተራው ውስጥ ድንች ሲያስለቅም አገኘሁት። ያኔ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ቆሞ መስማት ስለሚከብደው ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«ዋጋውን ተሳስቼ ነው የነገርኩዎት» አልኩት። «ለአርማንድ የድሮውን ይመልሱለት።»

«አልተሳሳትክም። በነገርከኝ ዋጋ አራት ጊዜ ጫንክ። ድንቹም ደኅና ደረሰ።»

«አሮጌ መኪና ነው ያለኝ። ዕዳ የለብኝም። እሱ የባንክ አለበት።»

«የሱን ባንክ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ስከፍል ነበር ማለት ነው?»

«አርማንድ ሌባ አይደለም።»

«ሌባ አላልኩም። ውድ ነው አልኩ።» ከሣጥኑ ሥር አንድ ድንች አንሥቶ አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠረገ። «ስማኝ ሊላንድ። እኔም ብሆን ከሱ ጋር መጣላት አልፈልግም። ግን ለፍሎሪዳዎቹ ገዢዎች በሐምሌ ዋጋ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ማጓጓዣውን በሁለት ሺህ ሦስት መቶ አስልቼ። ለሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ። ከየት አምጥቼ ልጨምርለት? በዚህ ዋጋ ከፈለገ ይምጣ። ካልፈለገ አንተ ውሰደው።»

«እኔ አልወስደውም።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ተዉት።»

አርማንድ በዚያ ዋጋ ቢጭን የመኪናውን ወርሃዊ ክፍያ አይሸፍንለትም፤ ሂሳቡን ሎሬት ናት የሠራችው። እኔም አልወሰድኩትም። ታርቦክስ ለደላላ ሰጠው። በዚያ ክረምት ከኦሃዮ የመጣ የማናውቀው ሰው በሁለት ሺህ አንድ መቶ ጫነው። የውሻውን ጠባይ ማን እንደነገረው አላውቅም።

ከዚያ አርማንድን ማደያው ውስጥ አየሁት። እንደ ሌሎቻችን ከቴሌቪዥኑ ሥር ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ላይ ዘርግቶ ያነባል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ክረምት እዚያ ቆሞ አያውቅም። ሰዎቹ ትንሽ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ደርዉድ የሚባል ቀልደኛ ነበር፤ ሳንቃ ነው የሚጭነው።

«አርማንድ፣ መንገድ ጠፋብህ እንዴ?» አለው።

«ሽንት ቤት ፈልጌ ነው» አለ አርማንድ።

«እሱ በዚያ በኩል ነው።»

«አውቃለሁ» አለ አርማንድ፤ ዓይኑን ግን ከቴሌቪዥኑ አላነሣም።

ደርዉድ ሳቀ። ወዲያው ማንም እንዳልሳቀ አይቶ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

ርካሽ ጭነት የሚጭን ሰው በብዛት መጫን አለበት። ሐኪሙ በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ንዳ ብሎት ነበር። አርማንድ ያገኘውን ሁሉ ጫነ። ሦስት ጊዜ የመመለሻ ጭነት አጥቶ ከቨርጂኒያ ባዶውን መጣ። ሎሬት ወደ ፋብሪካው ተመለሰች፤ እጇ ከቅዝቃዜው የተነሣ ያብጥ ነበር። በጥር ላይ ሄጄ «የኔን መኪና ክፍያ ስለሌለበት ንዳው፤ እኔ አርፋለሁ» አልኩት።

«አንተ ዐርፈህ ምን ልትሠራ? ዓሣ እንኳ አታጠምድም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላነሣነውም።

በሚያዝያ ክፍያው ቆመ፤ ባንኩ መኪናውን ከመውሰዱ በፊት አርማንድ ራሱ ገዢ ፈልጎ እንዲሸጠው ጊዜ ሰጠው። ባንጎር ላይ ገዢ ተገኘ። አርማንድ ደወለ።

«በፒክአፕህ ተከተለኝ። መመለሻ የለኝም።»

መንገዱ ጭቃ ነበር፣ በረዶው የሚቀልጥበት ወር ነው። እሱ ግን መኪናውን አጥቦት ነበር፣ ጎማዎቹን ጭምር። ባንጎር እስክንደርስ ግማሹ በጭቃ ተሸፈነ። ገዢው ወጣት ሰው ነው፤ ሞተሩን ከፍቶ አዳመጠ፣ አጎንብሶ ሥሩን አየ። አርማንድ ጋቢናው ውስጥ ያለውን ዕቃ በአንድ ካርቶን አውጥቶ ፒክአፔ ውስጥ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ካርቶኑ ከባድ አልነበረም። ቁልፉን ሰጠ። ሰውየው «በየትኛው መስመር ነበር የምትሠራው?» አለው።

«ወዲያና ወዲህ» አለ አርማንድ።

ተመለስን። ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ነዳሁ። ጥድና ረግረግ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ አርማንድ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ» አለ።

መሪውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ታርቦክስ የሚከፍለኝ። መጀመሪያ ሁለት ሺህ አራት መቶ ነበር፤ ነዳጅ ሲጨምር እሱ ራሱ ነው የጨመረልኝ።»

እሱ ቀጠለ። ከፍሎሪዳ ሲመለስ ጥቅል ጎመን የሚጭንለት ሰው ማን እንደሆነ፣ በሳጥን ስንት እንደሚከፍል ነገረኝ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ እንጉዳይ የምታስጭን ሴት አለች። ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ከተደወለላት ከደላላው ቀድማ ትሰጣለች፤ መጀመሪያ ግን ስለ ጉልበቷ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፖርትላንድ ውስጥ ዓሣ የሚልክ ሰው አለ፣ ዓርብ ዓርብ ሲጨንቀው እጥፍ ይከፍላል። ስልካቸውን በቃሉ ያውቀዋል። እያንዳንዱን ቁጥር ቀስ ብሎ፣ ሦስት ሦስት እያደረገ ይናገራል። ሾፌር እንዲህ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

«አርማንድ፣ ተው» አልኩት።

«ለምን? ለማን ላስቀምጠው?»

«ትመለሳለህ። ልብህ ሲጠናልህ ያገለገለ መኪና ትገዛለህ።»

የእንጉዳይ ሴትዮዋን ቁጥር ደገመው። ከዚያ ዘወር ብሎ አየኝ።

«ለምን አትጽፈውም?»

«እየነዳሁ ነው።»

«ዳር ያዝና ቁም።»

ዳር ይዤ ቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም። አንድ እንጨት የጫነ መኪና አልፎን ሄደ፣ ፒክአፗ ተወዛወዘች። አርማንድ ከካርቶኑ ውስጥ አሮጌ ደረሰኝ አውጥቶ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ።

«እስክሪብቶ አልያዝኩም» አልኩት።

እስክሪብቶዋ ግን የሸሚዜ ደረት ኪስ ላይ ነበረች። አያት። ቁጥሮቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ እንደገና፣ ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ።