የፍልሰታ ወተት

ናዝራዊት ማርገዟን የሰማችው ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ኋላ ነው። የባጃጁ ሹፌር እንኳ ቀድሟት ሰምቶ፣ ከምትሠራበት ማዘጋጃ ቤት ሲመልሳት የቦንጋን ጉድጓድ አንድ በአንድ እየዞረ፣ «አይዞሽ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አላት። ሰውዬው በሕይወቱ ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም።

ጣጣው ሁሉ የመጣው እርግዝና እንዳይመጣ ከሚዋጠው ክኒን ነው። መርፌው አልስማማት ብሎ ደሟ አልቆም ሲል፣ ነርሷ ኑኃሚን ወደ ክኒን ቀየረችላት። «ለመጀመሪያ ሰሞን ያቅለሸልሽሻል፤ ሆድሽ ባዶ ሲሆን አትዋጪው» ብላት ነበር። ናዝራዊት እንዳትረሳው ብላ ጠዋት ጠዋት ጀመረች። ወዲያው ፍልሰታ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ክኒን ግን እህል አይደለም ብላ ራሷ ለራሷ ፈቅዳ፣ በአንድ ጉንጭ ውኃ ትውጠዋለች። ከዚያማ ጓሮ ሮጦ የእንሰቱን ግንድ ተደግፎ ማጎንበስ ነው።

በዚያው ግቢ የሚኖሩት አማቷ እትዬ ዘነበች በመስኮት አዩ። ምንም አልጠየቁም። በማግስቱ አንድ ኩባያ ትኩስ ወተት ይዘው መጡ።

«እትዬ፣ ፍልሰታ እኮ ነው!»

«ላንቺ መች ሆነና። ለእሱ ነው» አሉ፣ ሆዷን በአገጫቸው እያሳዩ።

እትዬ ዘነበች በጾም ወተት የነካውን ዕቃ ታጥቦ እንኳ የማይጠጉ ሴት ናቸው።

ናዝራዊት ባሏን ተስፋሁንን ጓዳ አስገብታ ያዘችው። ክኒኑን ተስማምተው ነው የጀመረችው። ሴት ልጃቸው ገና ጡት መተዋ ነው፤ እሷን ስታረግዝ ያቋረጠችው የዩኒቨርሲቲ የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ደግሞ መስከረም ላይ ይጠብቃታል። ዘንድሮ ካመለጣት እንደማትመለስበት ታውቃለች።

«ለእናትህ ንገራቸው።»

«እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«ጾሙ ይውጣና...»

«ጾሙ እስኪወጣ ስም ያወጡለታል!»

«አውጥታለታለች» አለ ተስፋሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኢያሱ።»

ናዝራዊት ክኒኑን ልትጥለው አሰበች። ከዚህ ሁሉ መከራ ማርገዙ ይቀላል አለች በልቧ። ያለችውን ስትሰማ ራሷ ደነገጠች።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ ዘነበች፣ ምራታቸውን ከጾም እንዲፈቱላቸው የንስሐ አባታቸውን አባ ገብረ ሥላሴን በዚያ ዝናብ አስመጡ። ወተቱ ጠረጴዛው ላይ ቀድሞ ደርሷል። አባ ጃንጥላቸውን አጥፈው ተቀመጡና ወደ ተስፋሁን ዞሩ። «እግዚአብሔር የማኅፀን ፍሬ ሊሰጥህ ነው። እንኳን ደስ አለህ።»

ናዝራዊት ባሏን አየችው። ተስፋሁን ወለሉን አየ።

«አሜን» አለ።

«አሜን?» አለች። «አሜን ነው ያልከው?»

ብድግ ብላ ጓዳ ገባች። ክኒኑን ይዛ ወጥታ ከወተቱ አጠገብ ጣል አደረገችው። «አባቴ ይቅር ይበሉኝ። እንዳላረግዝ የምውጠው ይሄ ነው፤ የሚያስመልሰኝም ይሄው ነው። መስከረም ትምህርት እገባለሁ። ኢያሱ የሚባል ሰው አይመጣም!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አባ ገብረ ሥላሴ ጃንጥላቸውን አንሥተው «ያባራ መሰለኝ» ብለው ወጡ።

እትዬ ዘነበች ክኒኑን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አገላበጡት። ቀጥለው ልጃቸውን አዩት፤ እሱ ላይ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የወተቱን ኩባያ ከናዝራዊት ፊት አነሡ።

«እንግዲያማ ትጾሚያለሽ» አሉ። «ደግሞስ መድኃኒት በባዶ ሆድ ይዋጣል? ከእራት በኋላ ነው እንጂ!»

«ነርሷም እንደዚያ ብላኝ ነበር።»

«አትሰሚማ!»

ነርሷን ጠይቃ ወደ ማታ አዞረችው። ማስመለሱ እየቀለለ ሄዶ ተወት አደረጋት። ክኒኑ ለመዳት። ያልለመደችው ሌላ ነገር ነው፦ ማታ ማታ እራት እንደተነሣ እትዬ ዘነበች ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ ከግቢው አልፎ እስከ አስፋልቱ በሚሰማ ድምፅ፣

«ናዝራዊት! ክኒንሽን ዋጥሽ ወይ?»

«ውጫለሁ፣ እትዬ!»

ይህ ጥሪ መጀመሪያ በተሰማ ማግስት የባጃጁ ሹፌር አንድ ጉድጓድ ሳያስቀር እያነጠረ ቢሮዋ አደረሳት።