ከወረድን በኋላ የተዘጋው ተራራ

ተራራ ጫፍ አጠገብ ቆማችሁ የገዛ ፀጉራችሁ ሲያፏጭ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካልሰማችሁ በእህቴ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። እኔ ሰምቻለሁ። የሰማሁትንም፣ ከዚያ በኋላ የተራራው ጽሕፈት ቤት የሠራውንም እጽፋለሁ። ታላቅ እህቴ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው እየመራች ያንን ተራራ ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች። ዛሬ «ተራራው ዝግ ነው ተብሎ በተመዘገበበት ቀን እንግዳ ይዛ ወጥታለች» ተብላ ከሥራ ታግዳ ቤት ተቀምጣለች። በዚህ ወር መጨረሻ የመሪነት ፈቃዷ ለዘለዓለም ይሰረዛል ወይም ይመለስላታል።

ለማያውቅ ሰው የሰሌዳውን ነገር ላስረዳ። ተራራው እግር ሥር፣ መኪና የሚቆምበት ሜዳ ዳር፣ አንዲት ክፍል ቤት አለች። ውስጧ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መዝገብ፣ ከበሯ ውጭ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ ቀኑና የጫፉ አየር ይጻፋል። ጸሐፊው ግን ጫፉን አያየውም፤ የተራራው ትከሻ ይጋርደዋል። ስለዚህ የቆየው አሠራር እንዲህ ነው፤ ከላይ የወረደ ሰው ያየውን ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ሌላ ሰው ወርዶ ሌላ ነገር እስኪናገር ድረስ የተጻፈው አይነካም። እስቲ አስቡት። ላይ ሰማይና ምድር ቢደባለቅ፣ ወርዶ የሚናገር እስካልተገኘ ድረስ ሰሌዳው «ጥርት ያለ» እንዳለ ይቀመጣል። ማዕበሉ በጠና ቁጥር ወራጅ ይጠፋል፤ ወራጅ በጠፋ ቁጥር ሰሌዳው ፈገግ እንዳለ ይውላል። ይህን አሠራር ያወጣው ሰው አእምሮ ነበረው እንዳትሉኝ።

የዚያን ቀን ማለዳ ሰሌዳው «ጥርት ያለ፤ ክፍት» ይላል። የተጻፈው ከሁለት ቀን በፊት ነው። ሦስት ነበርን፤ እህቴ፣ እኔና አንድ የጥርስ ሐኪም። ሐኪሙ ሠላሳ ዓመት ሰው አፍ ውስጥ አቀርቅሮ ኖሮ፣ ጡረታ ሳይወጣ አንድ ቀን ቀና ብሎ መሄድ የፈለገ ሰው ነው።

እህቴ ቦርሳውን አንሥታ መዘነችው። «ዶክተር፣ ይህን ማን ሞላልዎት?»

«ባለቤቴ ናት።»

«እንዲመለሱ አልፈለገችም ማለት ነው» አለችና አራት ቆርቆሮ ምግብ አውጥታ መኪናው ውስጥ አስቀረች።

ከዚያ ወጣን። በረሃው ከእግራችን ሥር ቀስ በቀስ ተዘረጋ፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ ቀለም የሌለው ሆነ። ከፍታ ሰውን ያፈዛል። የእግሬን ድምፅ ከኋላዬ የሚመጣ የሌላ ሰው ኮቴ አድርጌ እሰማው ጀመር። አንዴ ዞር ብዬ መንገድ ለቀቅሁለት።

«ለማን ነው የምታሳልፈው?» አለች እህቴ።

«ለራሴ መሰለኝ።»

«እሱን ተወው፣ ይደርሳል። ውኃ ጠጣ።»

ቀይ ድንጋዩ ሙቀት ይተነፍሳል፤ ነፋሱ ግን ብርድ ነው። በአንድ ጉንጬ በጋ፣ በሌላው ክረምት ይዤ እሄዳለሁ። ሐኪሙ እንደ ሕፃን በየድንጋዩ ይቆማል፣ ይዳስሳል፣ ለራሱ ይስቃል። ጊዜው ሄዶ እንደሆነ ወይም ቆሞ እንደሆነ የምናውቀው በእህቴ ጥላ ነበር። ጥላዋ አጠረ፣ አጠረና ድንገት ጠፋ።

ደመናው ከላይ አልመጣም፤ ከታች፣ ከሸለቆው ተነሣ። ልጅ ሳለሁ እናቴና እህቴ የታጠበ አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘው ሲያጥፉ እኔ ከሥሩ እሮጥ ነበር። ነጩ ጨርቅ ወደ ላይ ሲነሣ፣ አየር ሲሞላ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቴ ላይ ሲወርድ ይታወቀኛል። ልክ እንደዚያ ወረደብን። ውስጡ ገባሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ ክፍል ነበር፤ መስኮቱ፣ የሳሙናው ሽታ፣ ከጨርቁ ማዶ ወዲያ ወዲህ የሚል የእናቴ እጅ። ልይዘው አንድ እርምጃ ተራመድሁ።

ቀበቶዬን ከኋላ የያዘችኝ እህቴ ናት። «ወዴት ነው አንተ?»

«እማዬ ጋ።»

«እዚያ ጋ ገደል ነው» አለች በተለመደ ድምፅዋ፤ ሱቅ ተዘግቷል እንደሚሉት ዓይነት።

ያኔ ነው ፀጉሬ ያፏጨው። ቀጭን ድምፅ ነው፣ ውኃ ሊፈላ ሲል እንደሚያሰማው። የያዝናቸው የብረት ዘንጎችም ተቀበሉት፤ ጣቴ ሥር ንብ ያለ ይመስል ነዘሩ። ደስ ይላል። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ነገር ሰው ሊገድል መሆኑን ማን ያምናል?

«ጫፉኮ ሁለት መቶ እርምጃ ነው የቀረን» አለ ሐኪሙ።

«እንዲያውም መቶ ሰማንያ ነው። መብረቅ ሊወድቅ ነው፤ ዘንግዎን ይጣሉና ይከተሉኝ።»

ጣልን። ከጫፉ በታች ወዳለች ጎድጓዳ ቦታ ወሰደችን፤ ቦርሳችን ላይ አስቀመጠችን፣ የየራሳችንን ሁለት እግር አስገጠመችን፣ ተራርቀን እንድንጎብጥ አደረገች። መብረቁ ሲመጣ በመጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። ዓለም ሁሉ አንድ ጊዜ ነጭ ወረቀት ሆነና ተመለሰ። ከዚያ በረዶው ድንጋዩን ይቀጠቅጥ ገባ። በደመናው አንድ ቀዳዳ ወደ ታች ሳይ በረሃው ላይ ፀሐይ ነበር። እዚያ ሩቅ፣ አንዲት መኪና አቧራዋን አስከትላ በእርጋታ ትሄዳለች። ማን እንደነዳት አላውቅም፤ እስከ ዛሬ በሕልሜ ያን መንገድ ትሄዳለች፤ አትደርስም።

«ዶክተር፣ ጥርስዎ ይንቀጫቀጫል» አለች እህቴ ከወዲያ።

«ይንቀጫቀጭ። ቢያንስ የራሴ ነው።»

ሳቅን። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን እህቴ ታውቃለች፣ እኔ አላውቅም። ስንወርድ ደረቅ የነበሩት ቦዮች ቀይ ውኃ ሞልተው ነበር። እያንዳንዱ ጋ አስቆመችን፣ እስኪጎድል አስጠበቀችን። በመጨረሻው መታጠፊያ ሐኪሙ በረዶ አንሸራቶት ወደቀና የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ። በሻርፓዋ አሰረችለት።

ታች ስንደርስ ፀሐይ ነው። አራት ሰዎች ለመውጣት ጫማቸውን ያስራሉ። ጸሐፊው፣ ጠመኔ ብለን የምንጠራው፣ እንደ ደንቡ ብቅ አለና «ላይ እንዴት ነው?» አለ።

እህቴ ፊቷን ጠረገች። «መብረቅና በረዶ ነው። ዝጋው። እነዚህን ሰዎች እንዳታሳልፍ።»

ጠመኔ የቀድሞውን አጥፍቶ የዕለቱን ቀን ጻፈ፤ ቀጥሎ «መብረቅ፤ ዝግ»። መዝገቡም ላይ አሰፈረው። አራቱ ሰዎች እያጉረመረሙ ጫማቸውን ፈቱ።

እንግዲህ ነገሩን ተረዳችሁ? መዝገቡ የሰዓት ቦታ የለውም፤ ቀንና አየር ብቻ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። እንግዳ ስለተጎዳ ጽሕፈት ቤቱ መዝገቡን አገላብጦ «በዕለቱ ተራራው ዝግ መሆኑ ተመዝግቦ እያለ» እህቴ መውጣቷን ደርሶበታል። በእርሷ አፍ የተዘጋ ተራራ በእርሷ ላይ ምስክር ሆነ። ብትዋሽ ኖሮ፣ «ጥሩ ነው» ብላ ብታልፍ ኖሮ፣ ዛሬ ሥራዋ ላይ ነበረች፤ አራቱ ሰዎች የት እንደሚሆኑ ግን እናንተ ገምቱ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ሄድሁ። ምንጣፍ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ብቻ የሚያይ መስኮት።

«መዝገብ አይዋሽም፣ ጌታዬ» አለኝ።

«ሰዓቱ የታል?»

«ቅጹ ሰዓት አይጠይቅም።»

«ታዲያ ከመውጣቷ በፊት መጻፉን በምን አወቁ?»

«በዕለቱ ነው የተጻፈው፤ በዕለቱ ነው የወጣችው። ከዚህ በላይ ምን ልበልዎት?»

«ሐኪሙኮ ለእርሷ መስክሮ በአንድ እጁ ጽፎልዎታል።»

«ተጎጂ ነው፤ ስሜታዊ ይሆናል። እርስዎም የሚቆጡት ወንድሟ ስለሆኑ ነው።»

«ወንድሟ ባልሆን ይብስ ነበር። አሁን እርሷ እንዳትቆጣኝ ፈርቼ ነው ቀስ የምለው።»

ከዚያ ጠመኔን አገኘሁት። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እያጠበ ነበር። «መቼ እንደጻፍኸው ታስታውሳለህ?» አልሁት።

«እንዴት እረሳለሁ? በረዶው ከትከሻዋ ላይ ገና አልቀለጠም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

ጨርቁን ጨመቀ። «የጠየቀኝ የለማ። ሳይጠየቅ የሚናገር እዚህ ቤት አይቆይም።»

እህቴ ግን አትከራከርም። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ገመዶቿን ትፈታለች፣ ትጠቀልላለች። አንዳንድ ቀን ሰማዩ ፍጹም ጥርት ብሎ ሳለ አንገቷን ታቀናና ለጎረቤት ሴቶች «ልብስ አስገቡ» ትላለች። ያስገባሉ። ትንሽ ቆይቶ ይዘንባል። ያንን ሁሉ ተራራ የምታነብ ሴት የሰፈር የልብስ ገመድ ጠባቂ ሆና ቀረች።

«እታለም፣ እኔ ልጽፍባቸው ነው» አልኋት።

«ተው ወንድሜ። ዝም አይነቅዝም።»

«ይነቅዛል እንጂ። ይኸው ነቅዞ እያየሁት።»

ሳቀች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። «ፈቃዱን ከመለሱልኝ መጀመሪያ ሐኪሙን ነው የማወጣው። መቶ ሰማንያ እርምጃ አለበት።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉኛል ሽማግሌዎች። እኔ የማሳድርበት ጊዜ የለኝም፤ ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጸሐፊዎ ጫፉን አያይም። እርስዎም አያዩም። በእናንተው ደንብ ሰሌዳው የሚለወጠው ከላይ በወረደ ሰው ቃል ነው። እህቴ የወጣችው ተራራው ከተዘጋ በኋላ ከሆነ፣ የዚያን ቀን ከእርሷ በፊት ከጫፍ ወርዶ መብረቅ እንዳለ የነገራችሁ ማን ነው? ደብዳቤ አይላኩልኝ። መሪዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ በቀን፣ ሰሌዳው ፊት ቆመው የዚያን ሰው ስም ይናገሩ።